የብርካው ቁልፍ

«እማዬ፣ ለምን ሰጠሽኝ?»

ሶሲ ይህን የጠየቀችው የነስራን ቤት ከኋላቸው ትተው የመጀመሪያውን ጉብታ ሲወጡ ነው። እናቷ እታገኘሁ እርምጃዋን አፈጠነች። «ፍጠኚ ልጄ» ብቻ አለች።

ከአምስት ዓመት በፊት፣ በ2010 ዓ.ም.፣ እታገኘሁ ጅጅጋ የቢሮ ጽዳት ስትሠራ ነበር ነስራ የምትባል ሴት የመጣችው። «እንደ ልጄ አያታለሁ፤ አይሻ ከተማ ወስጄ አስተምራታለሁ» አለች። እታገኘሁ የዘጠኝ ዓመት ልጇን ፀጉር ጎንጉና፣ አዲስ ጫማ አድርጋላት አስረከበች። ትምህርት ቤት የተባለው ከአይሻ የግማሽ ቀን መንገድ ርቆ፣ በረሃ መሐል የተቆፈረ ብርካ ሆነ። ብርካ የሲሚንቶ የውሃ ጉድጓድ ነው፤ በድርቅ ጊዜ ቦቴ መኪና እየመጣ ይሞላዋል፣ ክዳኑም ይቆለፋል። ሶሲ ከንጋት እስከ ምሽት ውሃ እየቀዳች የነስራን ፍየሎች ታጠጣለች። ደሞዝ የለም፣ መሄድም የለም። ሁለት ጊዜ ጠፍታ፣ ሁለት ጊዜ ተይዛ ተገርፋለች። እናት ይህን የሰማችው ከቦቴው ሾፌር ነው። ልጇን ልትወስድ ስትመጣም ያደረሳት እሱ ነበር፤ አውርዷት ወደ ደወሌ ከተማ አለፈ።

ነስራ ገበያ ሄዳለች። ቤት ያሉት ሶሲና ኤብላ ብቻ ነበሩ። ኤብላ ሰባት ዓመቷ ነው፤ እሷንም ነስራ «አስተምራታለሁ» ብላ ከሰው ቤት ነው ያመጣቻት፣ ውሃ መቅዳት እየለመደች ነው።

«እሷንም እንውሰዳት» ብላ ነበር ሶሲ።

«እኔ የመጣሁት ላንቺ ነው። ከሕፃን ጋር እንያዛለን።» እታገኘሁ ይህን ስትል ኤብላን ቀና ብላ አላየቻትም።

ነፋሱ ድንገት ተነሣ። አሸዋው ፊታቸውን ገረፈው፤ መንገዱ ጠፋ። እታገኘሁ ልትሮጥ ስትል ሶሲ ክንዷን ይዛ ጎትታ አስቀመጠቻት፤ በሻሿ ሸፈነቻት። «ጀርባሽን ስጪው! አፍሽን አትክፈቺ!» ነፋሱ እስኪያልፍ እናት በልጇ ክንድ ሥር ተሸጉጣ ቆየች።

ደረቁ ወንዝ ዳር የሞተ ከብት ነበር። ጅቡ ከሥጋው ቀና ብሎ አያቸው። ረሃብ አደፋፍሮታል፤ በጠራራ ፀሐይ ወደ እነሱ መጣ። እታገኘሁ ጮኸች። ሶሲ ግን ውሃው ያለቀበትን ጀሪካኗን በድንጋይ እየደበደበች፣ በሶማልኛ እየተሳደበች ፊት ለፊት ሄደችበት። ጅቡ ቆመ፣ አጉረመረመ፣ ዞሮ ገደሉን ወጣ።

ሶሲ እየሳቀች ደረቷን ስትይዝ እጇ ገመድ ነካ። ሳቋ ተቋረጠ።

«ቁልፉ! የብርካው ቁልፍ አንገቴ ላይ ቀርቷል!»

እታገኘሁ አንገቷን ደፋች።

«አይተሽው ነበር እንዴ?»

«ስንነሣ አየሁት። እንዳትመለሺብኝ ብዬ ዝም አልኩ።»

«ነስራ የምትመለሰው ከነገ ወዲያ ነው። ኤብላ ምን ትጠጣ?»

ሶሲ መልስ አልጠበቀችም፤ የመጡበትን መንገድ ያዘች። እናት እያነከሰች ተከተለቻት።

ሲደርሱ ኤብላ የብርካው ክዳን ላይ ተኝታ፣ ፊቷን ጠባቡ ቀዳዳ ላይ ደፍታ የውሃውን ሽታ ትስባለች። ፍየሎቹ ዙሪያዋን ይጮኻሉ። ሶሲ ከፈተች፣ ቀዳች፣ በመዳፏ ጥቂት ጥቂት አጠጣቻት። ወዲያው መልሳ ቆለፈች፤ ግመል እየነዳ የመጣውን ሰው አይታለች። የነስራ ወንድም ሺሬ ነው፤ ሶሲ በሶማልኛ «አደር»፣ አጎቴ፣ ትለዋለች።

«ኤይ! ይቺ ሴትዮ ማን ናት?»

«እናቴ ናት። ልሄድ ነው፣ አደር ሺሬ። ኤብላም አብራኝ ትሄዳለች።»

«ትቀልጃለሽ?» ብሎ ዱላውን አነሣ።

ሶሲ ቁልፉን ከአንገቷ አውልቃ በክዳኑ ቀዳዳ ላይ አንጠለጠለችው። «ከቀረብክ ውሃው ውስጥ እለቀዋለሁ።»

ሺሬ ቆመ። «ሰማንያ ፍየል! ማን ያጠጣል? እኔ? ወላሂ፣ እህቴ ትገድለኛለች!»

«እኔ አጠጣለሁ» አለች እታገኘሁ።

ሁለቱም ዞረው አዩአት።

«ሌላ ሰው እስክታገኙ እኔ እቀዳለሁ። እነሱን ልቀቃቸው፤ በአላህ ማልልኝ።»

ሺሬ ፍየሎቹን አየ፤ ቁልፉን አየ። ማለ።

እታገኘሁ ወደ ልጇ ተጠጋች። «ጠይቀሽኝ ነበር። የሰጠሁሽ ቀን አለቀስኩ። በማግስቱ ግን ቀለል አለኝ፣ ሶስዬ። አንድ አፍ ቀነሰልኝ አልኩ። ለዚህ ነው የሰጠሁሽ።»

ሶሲ አላቀፈቻትም። ቁልፉን ከነገመዱ እናቷ አንገት ላይ አጠለቀችው። «ገመዱን አታጥብቂው፤ አንገት ይልጣል» አለች። ከዚያ እናቷ ብርካውን ስትከፍትላት ጀሪካኑን ሞላች፣ የኤብላን እጅ ያዘች።

በማግስቱ ቦቴው ሲመለስ ሾፌሩ አንገቱን በመስኮት አወጣ። «አይሻ ሐዲዱ ዳር አየኋቸው። ሻይ ይጠጣሉ። ትንሿ ሦስት ብስኩት በልታለች!»

እታገኘሁ ባልዲውን ወደ ብርካው ለቀቀች። ሶሲና ኤብላ ሄዱ። እሷ ቀረች።