የሚነቃነቀው ወንበር

«ስንት ወንበር ነው የተሰበረው?» አባቷ የመሣሪያ ሳጥኑን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ።

«ብዙ» አለች ምላጭ። ስሟ ሌላ ነው፤ ምላሷን ያየ ሰፈር ግን ይህን አወጣላት።

«ብዙ ማለት?»

«አባዬ፣ አናጢ ነህ ወይስ መርማሪ? ስንደርስ ታየዋለህ።»

አባቷ ሳቀ። ምላጭ እርምጃዋን አፈጠነች። በቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ባለው አዳራሽ የተሰበረ ወንበር ይኑር አይኑር የምታውቀው ነገር የለም። የምታውቀው ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ያነበበችውን ነው፤ መጠጥ ማቆም የሚፈልጉ ሰዎች ሐሙስ ሐሙስ ከሥራ በኋላ እዚያ ይገናኛሉ። የኳስ ውጤት የምታይ መስላ ደጋግማ አንብባዋለች። «ና እንሂድ» ብትለው «ሰካራም ነኝ እንዴ?» ብሎ አፏን ያስይዛታል። ለተሰበረ ወንበር ግን ከሞት አልጋውም ይነሳል።

እናቷ ታናሽ ወንድሟን ይዛ አክስቷ ቤት ገብታለች። ስትወጣ አልጮኸችም። «መጠጡን ካልተወ አልመለስም» ብቻ አለች። ምላጭ ቀረች፤ አንድ ሰው መቅረት ነበረበት። ከዚያ ወዲህ አባቷ ከቤት በወጣ ቁጥር እስከ መታጠፊያው ድረስ ከኋላ ትከተለዋለች። ግራው ወደ መጠጥ ቤቱ፣ ቀኙ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ይወስዳል። ወደ ቀኝ ታጥፎ አያውቅም። ዛሬ ታጠፈ።

በሩን የከፈተችላቸው የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ናት፤ የሥራ ልብሷን እንኳ አልቀየረችም።

«እንኳን ደህና መጣችሁ፣ ግቡ!»

«ወንበር ልጠግን ነው የመጣሁት» አለ አባቷ ደረቱን ነፋ አድርጎ።

ሾፌሯ ዞር ብላ ክብ ሠርተው የተቀመጡትን ሰዎች አየች። «የኛ ወንበሮች እኮ ደህና ናቸው» አለች ግራ ገብቷት።

አባቷ ወደ ምላጭ ዞረ። ሌላ ውሸት ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሷል። «አዳራሽ ተሳሳትኩ» ብትል ያበቃል። ግን «አንድ ብቻ ነው የቀመስኩት» እየተባለ በኖረበት ቤት ውሸት መቼ ጎደለና ነው እሷ የምትጨምረው?

«ዋሽቼህ ነው» አለች። «እዚህ የሚሰበሰቡት መጠጥ ለማቆም የሚታገሉ ሰዎች ናቸው። መሄድ ከፈለግህ ሂድ። እኔ ግን ዛሬ አልከተልህም። ደከመኝ፣ አባዬ።»

«ትከተይኝ ነበር?»

«ሁልጊዜ።»

አባቷ የሳጥኑን እጀታ ጨምቆ ያዘ። አንድ እግሩ ከደጃፉ ወጥቷል። ይሄኔ ከክቡ ውስጥ አንድ ወፍራም ዳቦ ጋጋሪ ተመቻችቶ ሊቀመጥ ሲል ወንበሩ ሲጥ አለ። አባቷ ቆመ። እንዲህ ያለ ድምፅ ሰምቶ ማለፍ አይችልም።

«ማነው ከዚያ ወንበር እግር ሥር ወረቀት የወተፈው?»

«እኔ ነኝ» አለ ዳቦ ጋጋሪው። «ይነቃነቃል፤ ለምደነዋል።»

«ለምደነዋል! ተነስ እስቲ ከዚያ። በአፍጢምህ ሳትደፋ።»

የትኛው እግር እንደላላ ለማወቅ መቀመጥ አለበት። ተቀመጠ። ወደ ፊት፣ ወደ ኋላ ተወዛወዘ። ቀና ሲል ሁሉም እያዩት ነው፤ ክቡ ውስጥ ገብቷል።

«ከተቀመጡ አይቀርማ!» አለች ሾፌሯ፤ አዳራሹ በሳቅ ሞላ። አባቷም ሳይወድ በግዱ ሳቀ፤ አልተነሳም።

ሰዎቹ በየተራ ስለ ራሳቸው ተናገሩ፤ የአባቷ ተራ ሲደርስ ጉሮሮውን ጠረገ። «አናጢ ነኝ። ጠዋት እጄ ይንቀጠቀጣል፤ መጋዙ ቀጥ ብሎ አይሄድልኝም። ለልጄ ዕድሜ ነው እላታለሁ።» መሬት መሬት አየ። «ዕድሜ አይደለም። መጠጡ ነው።»

እዚያ ቤት አይጨበጨብም። ሁሉም ባንድ ድምፅ «ሰማንህ» አሉ። ምላጭ ግን የመጨረሻዋ ደቂቃ ላይ ጎል የገባላት ያህል ዘላ መጮህ አማራት።

ሲወጡ አባቷ ወንበሩን ተሸከመ። «ሐሙስ እመልሰዋለሁ» አለ።

ሳምንቱ አልጋ በአልጋ አልሆነም። አባቷ አላበው፤ ተነጫነጨ፤ በረንዳው ላይ ወዲህ ወዲያ ተንቆራጠጠ። ጥማቱ ሲብስበት ሾፌሯ በሰጠችው ቁጥር ይደውልላታል፤ ስልኩን ሲዘጋ ወንበሩን ይዞ ይቀመጣል። ማጣበቂያው ከደረቀ በኋላ እንኳ በአሸዋ ወረቀት ይፈገፍገው ነበር።

«አባዬ፣ ወንበሩ ሊያልቅ እኮ ነው!»

«ምላስሽ አላለቀ» አላት፤ ሁለቱም ሳቁ።

ሐሙስ ወንበሩን ትከሻው ላይ አደረገ። «ነገ ፈተና አለሽ፤ አጥኚ» ብሎ ወጣ። ምላጭ ሳይታወቃት ጫማዋን አጥልቃለች፤ እግሯ ለምዷል። መስኮቱ ጋ ብትቆምም መታጠፊያው ይታያል። ስልኩ ጠራ፤ እናቷ ናት፤ ስለ ስብሰባው ምላጭ ቀደም ብላ ነግራታለች።

«አባትሽስ?»

«ወደ ስብሰባው ሄደ።»

«ሲታጠፍ አየሽው?»

ምላጭ መስኮቱን አየች። ከዚያ ጎንበስ ብላ ጫማዋን አወለቀች።

«አላየሁትም፣ እማዬ። ሄዷል ግን።»

ታናሽ ወንድሟ ከስልኩ ወዲያ «ወደ ቤት ልንመለስ ነው?» ሲል ተሰማ። እናቷ ዝም በል አላለችውም።

ምላጭ ለመስኮቱ ጀርባዋን ሰጥታ የሒሳብ መጽሐፏን ገለጠች።