እማዬ ጠበል ሄዳለች ያልን ቀን የጋገርሁት ድፎ

እኔ መቼም የሚያውቀኝ ሁሉ እንደሚመሰክረው እንዲህ ያለ ነገር የማምን ሴት አልነበርሁም፣ ጎረቤት ተሰብስቦ ስለ ቡዳና ስለ መንፈስ ሲያወራ "ሥራ ፈቶች!" ብዬ የምነሳ፣ ጣና ዳር ተወልጄ አድጌ እንኳ ሐይቁ ውስጥ አለ ስለሚባለው ነገር አንድ ቀን ቆሜ ያላዳመጥሁ ነኝ፣ እና አሁን የማወራችሁን ሌላ ሰው ቢያወራኝ ኖሮ ስቄበት ነበር የምሄደው። ምን ላድርግ፣ የደረሰው በኔው ነው።

መጀመሪያ እናቴን እወቋት። በባሕር ዳር በኛ ሠፈር ባለሙያ ከተባለ እማዬ ናት፣ የአምባዛ ዓሣ ወጧ ጣት የሚያስቆረጥም፣ አራስ ያለበት ቤት ሁሉ አጥሚት እንድታፈላለት የሚልክባት፣ ከሁሉም በላይ ግን ድፎዋ! ሊጡን በመዳፏ ጧ… ጧ ጧ አድርጋ ትመታዋለች፣ በእጇ ጠርዝ መሐሉ ላይ መስቀል ትሠራበታለች፣ ከዚያ "ኡፍ" ትላለች፣ ሥራውን ለእግዜር አስረክባ እንዳረፈች ሁሉ። ተቆጥታ አታቦካም፣ "ሊጥ ይሰማል" ትል ነበር። ኮባው ተገልጦ ድፎው ሲወጣ የጥቁር አዝሙዱ ሽታ አስፋልት ድረስ ይሄድና ከፋብሪካ የሚመለሱ ሠራተኞች ብስክሌታቸውን ቀዝቀዝ አድርገው "ዛሬ ደግሞ የማን በዓል ነው?" እያሉ ያልፋሉ። እመኑኝ፣ አላጋነንሁም፣ ያን ዳቦ የበላ ሰው ሌላ ዳቦ ሲቀርብለት በትሕትና ነው የሚበላው።

እኔ ግን ልጇ ሆኜ ሙያዋን አልወረስሁም፣ ቢሮ ተቀምጬ ታይፕ ስመታ የምውል ሴት ነኝ፣ የጋገርሁ ቀን ታናሽ ወንድሜ ደሳለኝ "ታንጉት፣ ይኼን ለቤት መሠረት አስቀምጪው" እያለ ይቀልድብኝ ነበር። ያ ቀልደኛ ልጅ ብሔራዊ ውትድርና ደርሶት ወደ ሰሜን ጦር ግንባር ከሄደ በኋላ ቤታችን ጸጥ አለ፣ እማዬም ክረምቱ ሲገባ ብዙም ሳትታመም ሞተችብን።

ለሱ አልነገርነውም። በኛ አገር እናቱ የሞተችበት ሰው በደብዳቤ አይረዳም፣ ያውም ጦር ሜዳ ያለ ሰው፣ ደንብ የሚያውቅ ሰው ቤቱ እስኪገባ ይጠብቃል፣ አብልቶ ያሳድረዋል፣ መርዶው ጎሕ ሲቀድ ሽማግሌ ባለበት ይነገራል። እናም ከመስቀል በኋላ አንድ የጦር መኪና ሾፌር "ደሳለኝ ፈቃድ አግኝቷል፣ ነገ ማታ ይገባል" ብሎን ሲያልፍ ወዲያው ለማስመሰል ተነሳን። ጥቁሬን አውልቄ አበባ ያለበት ቀሚስ ለበስሁ፣ ለሐዘን የተቆረጠውን ጸጉሬን በሻሽ ሸፈንሁ፣ የእማዬን ጋቢ አልጋዋ ላይ አነጠፍሁ። የት ሄደች ብሎ ሲጠይቅ በጀልባ ዘጌ ጠበል ሄዳለች ልንለው ተስማማን።

ይኼን ጊዜ ጎረቤታችን እትዬ ጥሩወርቅ፣ የእማዬ የልብ ጓደኛ፣ ወገባቸውን ይዘው ቆሙና "አንቺ ልጅ፣ እናት ልጇ ከጦር ሜዳ ሲመጣ ድፎ ሳትጋግርለት ጠበል ትሄዳለች? ማንን ልታሞኙ ነው?" አሉኝ።

"ታዲያ ምን ይሻላል እትዬ?"

"ጋግራልህ ነው የሄደች ትይዋለሽ። ተነሽ አቡኪ።"

አያችሁ ጉዴን! ገና አንድ ጊዜ ሲጎርስ የእናቱ እጅ አለመሆኑን ያውቃል፣ ማንም ሳያጽናናው፣ አንድ ሽማግሌ እንኳ አጠገቡ ሳይኖር፣ እናቱ መሞቷን ከኔ ድንጋይ ዳቦ ሊረዳ ነው። ወንድሜን በገዛ እጄ ላረዳው ነው ብዬ አለቀስሁ፣ ከዚያ በማግሥቱ ማለዳ ዓይኔን ጠርጌ አቦካሁ።

ስንዴው ከመራዊ የመጣ ጥሩ ስንዴ ነው፣ እርሾውን እትዬ ጥሩወርቅ ሰጡኝ፣ ጥቁር አዝሙድ ግን በኛም ቤት በጎረቤትም ጠፋ፣ ያኔ እንደምታውቁት ቀበሌ ሱቅ ሳሙና ከተገኘ እልል የሚባልበት ዘመን ነው፣ ስለዚህ ያለ ጥቁር አዝሙድ አቦካሁት፣ ይህን ልብ በሉልኝ። ሊጡ እስከ ቀትር ድረስ እንደተኛ ቀረ፣ ኩፍ ማለት የለ፣ ንቅንቅ ማለት የለ። ቢቸግረኝ በጨርቅ ሸፈንሁትና ከኩሽናው በር ፊት ለፊት ምስር ከሚለቅሙት ከእትዬ ጥሩወርቅ አጠገብ ሄጄ ተቀመጥሁ።

ብዙም ሳንቆይ ጧ… የሚል ድምፅ ሰማሁ። ጎረቤት ልብስ እያጠቡ ይሆናል ብዬ ተውሁት። ቀጥሎ ጧ ጧ አለ፣ ትንሽ ቆይቶ እንደገና፣ ከዚያ ቀስ ያለ "ኡፍ" ተሰማ። የእትዬ ጥሩወርቅ እጅ ሰፌዱ ላይ ቀጥ አለ፣ አዩኝ፣ አየኋቸው።

"ድመት ይሆናል" አልሁ።

"ድመት ያቦካል እንዴ?" አሉኝ፣ ድምፃቸው ግን የቀልድ አልነበረም።

ተነስቼ ገባሁ። ማንም የለም፣ የኩሽናው በር ደግሞ አንድ ብቻ ነው፣ እሱም ፊት ለፊቱ እኛ ነን። የሸፈንሁበት ጨርቅ ተነስቶ፣ በሥርዓት ታጥፎ ከጎን ተቀምጧል፣ ሊጡ ከገበታው ከንፈር በላይ ወጥቷል፣ መሐሉ ላይ በእጅ ጠርዝ የተሠራ መስቀል አለበት። የኔን እጅ አስጠግቼ ለካሁት፣ እጄ ከምልክቱ ቀጠነ። እትዬ ጥሩወርቅ ከኋላዬ መጥተው አዩና አማተቡ፣ ከዚያ ግን ልክ እንደ ወትሮው "ምን ትጠብቂያለሽ፣ ኮባ ቁረጪ" አሉኝ።

ኮባ ቆርጬ ምጣዱ ላይ አነጠፍሁ፣ ሊጡን አፍስሼ ከላይም በኮባ ሸፈንሁ፣ ከሥር እሳት፣ ከክዳኑ በላይ ፍም አደረግሁ። እሳቱን እየቆሰቆስሁ ሳለ ጥቁር አዝሙድ ሸተተኝ። የቅመም ዕቃውን ሁሉ ዳግም ከፍቼ አየሁ፣ እመኑኝ፣ በዚያ ኩሽና አንዲት ፍሬ ጥቁር አዝሙድ አልነበረችም። ስከፍተው ላዩ እንደ ማር ቀልቶ፣ ሆዱ ነፍቶ፣ ጥቁር ጥቁር ፍሬ ጣል ጣል ብሎበታል፣ አንዷን ፍሬ በጥርሴ ሰበርኋት፣ ራሷ ናት። ፈራሽ ወይ ብትሉኝ ፈርቻለሁ፣ ግን እውነቱን ልንገራችሁ፣ ከፍርሃቱ አድናቆቱ በለጠብኝ፣ እንዲያ ያለ ውብ ዳቦ በእጄ አቅፌ ስቆም የእማዬ ሙያ ምን ያህል እንደነበር ያን ቀን ነው በደንብ የገባኝ።

ደሳለኝ ጀንበር ስትጠልቅ ገባ፣ ከስቶ፣ ጠቁሮ፣ ጫማው ብቻ ትልቅ ሆኖ። ተቃቅፈን ስንላቀቅ "እማዬስ?" አለ።

እኔ ሻሼን ሳስተካክል እትዬ ጥሩወርቅ ፈጥነው "ዘጌ፣ ጠበል ሄዳለች" አሉት።

ዓይኔን አየኝና "እሺ" አለ። መቼ ትመለሳለች ብሎ አልጠየቀም፣ ያኔ ልብ አላልሁትም።

ዳቦውን አቀረብሁለት፣ የቤቱ ወንድ እሱ ነውና ባርኮ ቆረሰው፣ ጎረሰና ማኘኩን አቆመ። አለቀልን አልሁ በልቤ። አቀረቀረ፣ ከዚያ ቀና ሲል ፊቱ በርቷል፣ የልጅነቱን ሳቅ እየሳቀ ነው። "እማዬ እኮ ናት!" አለ። ጎረሰ፣ ደገመ፣ በየመሐሉ "ገና ትኩስ ነው እኮ፣ መቼ ጋገረችው?" ይለኛል፣ ጋግራ ነው የሄደች እለዋለሁ፣ ጀልባው ስንት ሰዓት ይመለሳል ይለኛል። ሰዓት እላፊው ሲደርስ በሩን ልቆልፍ ስነሳ "ተይው፣ አትቆልፊው" አለኝና ፊቱን ወደ በሩ አዙሮ ተቀመጠ።

ጎሕ ሲቀድ የንስሐ አባታችንና የሠፈሩ ሽማግሌዎች ገቡ። ደሳለኝ እንደተቀመጠ ነው ያገኙት። አባም ጉሮሯቸውን ጠርገው "ልጄ፣ የሰው ልጅ ሁሉ በዚህ ዓለም መንገደኛ ነው…" ብለው ሲጀምሩ እጃቸውን ሳመና አቋረጣቸው።

"አውቀዋለሁ አባ፣ የባሕር ዳር ልጅ እዚያው ግንባር ነግሮኛል፣ እዚያው ምሽግ ውስጥ አልቅሼላታለሁ። እንደማያውቅ የሆንሁ ደክማችሁ ያሰናዳችሁትን ላላፈርስባችሁ ብዬ ነበር።" ፊቱን ወደ በሩ መለሰ። "ትናንት ማታ ያን ዳቦ ስበላ ግን የነገረኝ ልጅ ዋሽቶኛል አልሁ። ሌሊቱን ሙሉ ስጠብቃት አደርሁ።"

ወደኔ ዞረ። ሽማግሌዎቹም ዞሩ። "ታንጉዬ፣ በእማዬ አፈር፣ እውነቱን ንገሪኝ፣ ማን ጋገረው?"

እትዬ ጥሩወርቅን አየኋቸው፣ መሬት መሬት ያያሉ። ምን ልበል? አላውቅም ብል ልጁ ዕድሜውን ሙሉ በር እያየ ሊኖር ነው። "እኔ ነኝ" አልሁት።

ሁለቱንም እጆቼን ያዘና ገልብጦ አያቸው፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ለቀቃቸው። "አንቺ አይደለሽም" አለ፣ ያኔ ነው ያለቀሰ፣ ቤቱም አብሮት አለቀሰ።

ወደ ግንባር ሲመለስ ለስንቅ ጋገርሁለት፣ ቀኑን ሙሉ ከሊጡ ሳልርቅ፣ እንደ እማዬ መትቼ፣ እንደ እማዬ አማትቤበት፣ ያው የኔው ድንጋይ ወጣ። መኪናው ላይ ሆኖ ቆረስ አድርጎ ቀመሰውና "ይኼ ያንቺ ነው" ብሎ ጉንጬን ሳመኝ።

እግዜር ይመስገን፣ ደርግ ሲወድቅ በእግሩ ተጉዞ ቤቱ ገባ፣ ዛሬ ሽበት አውጥቷል፣ ልጆችም አሉት። ቤቴ ሲመጣ የኔን ዳቦ ይበላል፣ አንቺም ባለሙያ ሆነሻል ይለኛል፣ ዕድሜ አስተምሮኝ እውነትም ትንሽ ተሻሽያለሁ። በልቶ እጁን ሲታጠብ ግን፣ ልጆቹ ሳይሰሙ ጠጋ ብሎ "እማዬ ከዚያ ወዲህ መጥታ አታውቅም?" ይለኛል፣ የሩቅ ዘመድ እንደሚጠይቅ ሰው። "አልመጣችም" እለዋለሁ፣ እውነቴን ነው፣ አልመጣችም። ብቻ እንዲህ ስለው ድምፄን ዝቅ አደርጋለሁ፣ ኩሽና ውስጥ እንዳይሰማ።