ሳይነጥር የወረደ ዋጋ

ነጋዴው እጅጉ ቡሬ ባለው የኑግ መጋዘኑ ውስጥ ሞቶ ሲገኝ፣ ጆንያዎች ከላዩ ተንደው ነበር። ባለቤቱ ወለተ ጊዮርጊስ አላለቀሰችም፤ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ የነጠላዋን ጥለት ታያለች። ዘበኛው ገብረሰንበት እጁን ታስሮ አጠገቧ ቆሟል።

«ክምሩ ተንዶባቸው ይሆናል፣ ጌታዬ» አለ የሟች የወንድም ልጅ ባዬ። «ካልሆነም ዘበኛው ነው። ቁልፍ ያለን እኔና እሱ ነን።»

«እኔን ለገመድ ነው እንግዲህ» አለ ገብረሰንበት፣ ስለ ሌላ ሰው እንደሚያወራ ሁሉ።

ከፍኖተ ሰላም የተጠራው መቶ አለቃ ዓለምብርሃን ሬሳው ላይ የነበረውን ጆንያ በአንድ እጁ አነሳው። ገለባ ነው። የሟች ማጅራት ግን ተሰብሯል። የቀረውን ክምር እየዞረ ዳሰሰና ወደ ገበያ ወረደ።

«እትዬ ሸጋዬ፣ የኑግ ዋጋ እንዴት ከረመ?» ሲል ቸርቻሪዋን ጠየቃት።

«ለፋሲካ ጣራ ነክቶ ነበር። ከዚያ ወረደ፤ አወራረዱ ግን ደግ አይደለም።»

«እንዴት?»

«ሲረክስ ገበሬው አኩርፎ ጭነቱን ወደ ቤቱ ይመልሳል። ለሚቀጥለው ቅዳሜ ኑግ ይጠፋና ዋጋው ይነጥራል። ወርዶ፣ ነጥሮ፣ ወርዶ ነው የሚረጋው። ዘንድሮ እንደ ቅቤ ሟሟ። የማናውቃቸው አህያ ነጂዎች ያመጡና በሰጠናቸው ዋጋ ጥለው ይሄዳሉ። ክርክር የለ! አህዮቹ ይሻላሉ፤ እነሱስ ያናፋሉ።»

«አንድም ቀን አልነጠረ?»

«የጰራቅሊጦስ ዋዜማ ብቻ። ያን ቅዳሜ ነጂዎቹ አልመጡም።»

ተመልሶ ወለተ ጊዮርጊስን ጠየቃት። «እሜቴ፣ የጰራቅሊጦስ ዋዜማ ከዚህ ቤት ማን አልነበረም?»

«ባዬ። ማንኩሳ ለተዝካር ሄዶ ነበር።»

ሁሉንም መጋዘኑ ውስጥ ሰበሰባቸው።

«ገለባ ማጅራት አይሰብርም» አለ። «ሟች ቀድመው ተመትተዋል፤ ጆንያው የተጫነባቸው ኋላ ነው። ገዳዩ ከባድ ጆንያ ቢያገኝ እሱን በጫነ ነበር። ክምሩ ሁሉ ግን ገለባ ነው። ኑጉ የት ሄደ? ገበያ። ባለቤት ሲረክስበት ይመልሳል፤ ሌባ ግን ለሰው ሀብት አይሳሳም። ዋጋው ሳይነጥር የወረደው ለዚህ ነው። ሟች የተመቱትም ገለባውን ስለደረሱበት ነው። አንድ ቅዳሜ ነጂዎቹን የሚልከው ሰው ጠፋ፣ ዋጋው ነጠረ። ገብረሰንበት ያን ቀን እዚሁ ነበር። አንተስ፣ ባዬ?»

ባዬ ግድግዳውን አየ።

«ጆንያውን ዳሰሱት» አለ ቀስ ብሎ። «ባይዳስሱት ኖሮ…»

የገብረሰንበት እጅ ተፈታ። ገመዱ የነበረበትን አሻሸ።

ወለተ ጊዮርጊስ ቀና አለች።

«ባለቤቴ ቅዳሜ ቅዳሜ ዋጋ ጠይቀው ይመጡና፣ ‹ትንሽ እንታገሥ፣ ይመለሳል› ይሉኝ ነበር» አለች። «ያረከሰባቸው የራሳቸው ኑግ ነው?»

«አዎን፣ እሜቴ።»

ጥለቷን ወደ ማየት ተመለሰች።