መርዶ ከአጠና ተራ

«ለሦስት ክፍል ቤት ስንት አጠና ይበቃል?»

ጥያቄው የሚስጥር ቃል ነበር። ወንድይፍራው ቀና ሳይል ከፊቱ ባለው ግንድ ላይ በጠመኔ መስቀል ጻፈ።

«ጣሪያው ካልከበደ ዘጠና።»

«ከባድ ነው።»

የሚጠብቀው ሰው እሱ ነው።

ሃምሳ አለቃ ወዬሳ፣ የጦሩን የሚስጥር መልእክት የሚፈታ ሰው። ሰነድ ሊያወጣ ነው ተብሎ አራት ወር ተጠብቋል። ወንድይፍራውም «አምሐ» የሚባል አጠና ሻጭ ሆኖ ኮልፌ የከረመው ለዚህች ደቂቃ ሲል ነው። ወዬሳ ሁነኛ መልእክተኛ ያገኘ መስሎታል። ያገኘው የደኅንነት ሰው ነበር።

ወዬሳ ከብብቱ ፖስታ አወጣ።

«ፖስታው ውስጥ ምን አለ?»

«ከዳገት ሥር የተከበበ ብርጌድ። የእኛ ልጆች። መሣሪያው በጠላት እጅ እንዳይገባ የውጭ አገር አማካሪዎቹ ‹ቦታው በአውሮፕላን ይደብደብ› አሉ። ጄኔራሎቻችን ፈረሙ።» ፖስታውን በወንድይፍራው እጅ አኖረው። «ሰው እላዩ ላይ እያለ፣ ወንድሜ! ለቤተሰብም አይነገር ተብሏል። ስማቸውን አንብበው።»

ማንበብ አልነበረበትም።

አነበበ።

ሰባተኛው መስመር ላይ ጣቱ ቆመ። አሥር አለቃ ተክለሃይማኖት ወልደ አማኑኤል። የአከራዩ የወይዘሮ አስካለማርያም አንድ ልጅ። እሳቸው ፊደል ስላልቆጠሩ፣ ለልጃቸው ደብዳቤ የሚጽፍላቸው ወንድይፍራው ነው። ባለፈው እሑድ እንኳ «ሹራቡ ደረሰህ ወይ በልልኝ፣ አምሐ» ብለው አጽፈውታል።

ልጁ ከሞተ አርባ ቀን አልፎታል።

«ወዬሳ፣ በጓሮ ውጣ! ሩጥ!»

ግን ረፍዷል። የጠመኔው መስቀል ‹ያዙት› የሚል ምልክት ነበር።

ተሸካሚ መስለው የቆሙት ሁለት ሰዎች የወዬሳን እጅ ወደ ኋላ ጠመዘዙት። ጂፕ ቆመ። ኮሎኔሉ ወረደ፤ የስለላ ስሙ «ዋርካ» ነው። ስለ ወዬሳ ለወንድይፍራው «አይነካም፤ ፍርድ ቤት ያየዋል፤ ቃሌ ነው» ብሎት ነበር። ከጎኑ አንድ ቀይ ፊት አማካሪ ወረደ።

ወዬሳ ወንድይፍራውን አየው። «ነቀዝ የበላው አጠና!» አለና ተፋ።

አማካሪው በገዛ ቋንቋው ተናገረ። ቡሉኮ የደረበ አጠና ሻጭ ይሰማኛል ብሎ አልጠረጠረም። ወንድይፍራው ግን በእነሱ አገር፣ በዚያ ቋንቋ ስድስት ዓመት ተምሯል። በዚያ ቋንቋ ስለ ሕዝቦች ወንድማማችነት ተፈትኖ አንደኛ ወጥቷል።

«ወረቀቱ ይቃጠል። ሰውየው ፍርድ ቤት አይቅረብ። ዛሬውኑ ይረሸን።»

ኮሎኔሉ በዚያው ቋንቋ፣ መምህሩን እንደፈራ ተማሪ፣ «እሺ» አለ።

ወረቀቱ እዚያው፣ በፍቅፋቂ እሳት ላይ ነደደ። ወዬሳን ይዘውት ሄዱ።

«ጎበዝ! ሥራህን ሠርተሃል» አለ ኮሎኔሉ።

«ቃል ገብተውልኝ ነበር።»

«ለከሃዲ?»

«ተራራው የእኛ፣ ልጆቹ የእኛ! እንዴት የሚሞተውን ሌላ ሰው ይቆርጥልናል?»

«አውሮፕላኑስ የማን ነው?» የኮሎኔሉ ዐይን ቀላ። «ቦምቡስ? ነዳጁስ? አንተን ያስተማረህስ ማን ነው? ስትቀበል አፍህ የት ነበር? ነገ ሦስት ሰዓት ቢሮ ና። ሌላ ስም ይሰጥሃል።»

ወንድይፍራው የኮሎኔሉ ቃል እውነት መሆኑን ያውቃል። ያበገነውም እሱ ነው።

እነ ኮሎኔሉ ስልክ ይጠልፋሉ። ደብዳቤ ይከፍታሉ። እድር መኖሩን ግን ረስተውታል።

ጎሕ ሲቀድ የእድሩን ጥሩምባ ነፊ የአቶ ገብረማርያምን በር አንኳኳ።

«የወይዘሮ አስካለማርያም ልጅ ግንባር ላይ ሞቷል።»

«ማን አለ?»

«ስሙን ያየ ሰው።»

«የወታደር መርዶ ያለ ፈቃድ ክልክል ነው እኮ! በስተርጅና ልታሳስረኝ ነው?»

«አውቃለሁ፣ አባባ። እሳቸው ግን ሁለተኛ ሹራብ ጀምረውለታል።»

ሽማግሌው ጥሩምባውን ከግድግዳው አወረዱ።

«ሃያ ዓመት የሰው ለቅሶ ቀርታ አታውቅም። የእሷን ልጅ ሳናለቅስለት ልንቀር ነው? መጀመሪያ ሽማግሌዎቹን ልቀስቅስ፤ መርዶው በወጉ ይነገራት። ከዚያ እነፋለሁ። አንተም አብረኸን ትገባለህ፤ የቤት ልጅ ነህ።»

«እደርሳለሁ» አለ።

ዋሸ።

ፌርማታው ላይ ሲደርስ የአምሐን መታወቂያ ቀዶ ቦይ ውስጥ ጣለው። መርዶውን ማን እንዳወጣ ለኮሎኔሉ አይጠፋውም። ሦስት ሰዓት ላይ ቢሮ ካልተገኘ የሚታደነው እሱ ነው።

አውቶቡሱ ብቅ ሲል ጥሩምባው ተነፋ።

«አሥር አለቃ ተክለሃይማኖት ወልደ አማኑኤል አርፏል! ለቅሶ ድረሱ!»

በሮች ተከፈቱ። ሴቶች ነጠላቸውን እያዘቀዘቁ ወጡ። አንዷ መሀል መንገድ ላይ ቆማ ጮኸች፦

«ልጄ ካለበት ጦር አይደለም እንዴ? የእኔስ? የእኔስ ልጅ?»

ሌላዋም ተቀበለቻት። ሦስተኛዋም። ጩኸቱ ወደ ቀበሌው በር ዞረ።

ጎመን ሻጯ ወይዘሮ ዘሀራ ዘንቢላቸውን ጥለው የወንድይፍራውን ክንድ ያዙ።

«አምሐ! የአስካለ ቤት ልጅ አይደለህ? ምነው ቆምክ? ሮጠህ አትደርስላትም?»

አውቶቡሱ በሩን ከፈተ። ከወዲያ፣ ከሚያውቀው ግቢ፣ የሚያውቀው ድምፅ «ልጄን!» ሲል ሰማ።

ክንዱን ቀስ ብሎ አስለቀቀ።

«ተሳስተዋል፣ እናቴ» አለ። «ለሰፈሩ እንግዳ ነኝ።»