በስምንት ሳምንት የሚድን ክንድ

የፈተና ዝግጅት ትምህርቱ በተጀመረበት ቅዳሜ አርፍዳ ደረሰች። እያለከለከች ገባችና ባዶ ያገኘችው ወንበር ላይ ዘፍ አለች። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ወንበሩ ለካ የአስተማሪው ነበር!

«ባዶ ነበራ!» አለች፣ ፊቷ ቀልቶ።

«ባዶ ስለሆነ ባለቤት የለውም አልሽ» አላት አስተማሪው እየሳቀ። «ይኸው የዛሬው ትምህርት። ጸሐፊው ሳይናገር እንደ እውነት የያዘውን ግምት መፈለግ።»

ልብስ ሰፊ ናት። የነርስ ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተና ሁለት ጊዜ ጥሏታል፤ ሁለቴም ስለ ሰው አካል በሚወጣው ምንባብ ምክንያት። የተጻፈውን ሁሉ ታምናለች፤ ሰው ያላትንም እንደዚያው። ጥያቄ ሳያልቅ ስለምትመልስ አስተማሪው «ችኩሊት» አላት። ስሙን ወደደችው። ቀስ በቀስ ሰውየውንም... ከትምህርት በኋላ ፌርማታ ድረስ ይሸኛታል። አውቶቡስ ሲመጣ «የሚቀጥለው ይሻልሻል» ይላታል፤ እንዲህ እያሉ ሦስት አውቶቡስ ያሳልፋሉ።

አንድ ቅዳሜ ቀኝ ክንዱ በጀሶ ታሽጎ መጣ።

«ውይ! ምን ሆነህ ነው?»

«የሻይ ማንቆርቆሪያ ሳነሳ ቀጭ አለ።»

«ክንድህ ብስኩት ነው እንዴ?»

ተሳሳቁ። «በስምንት ሳምንት ይድናል» አላት። «ሲድን የምነግርሽ ነገር አለ።»

ጀሶው እንዲያልፍለት የሸሚዞቹን ቀኝ እጅጌ ተርትራ ቁልፍ ሠራችላቸው። ሳምንቶቹን በጣቷ ቆጠረች። በስምንተኛው ሳምንት ግን ፌርማታው ጋ ቆሞ ዓይኗን ማየት አቃተው።

«ከእንግዲህ አልሸኝሽም። እኔን አትጠብቂ።»

«ሌላ ሴት አለች?»

ዝም አለ። ዝምታውን እንደ «አዎ» ቆጠረችው። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሌላ አስተማሪ መጣ። አልቅሳ አልቅሳ ሲወጣላት እልህ ያዛት፤ ቀን ከሌት አጠናች።

የፈተናው ቀን ምንባቡ እንዲህ ይላል። «የተሰበረ አጥንት በስምንት ሳምንት ይገጥማል። ስለዚህ ዛሬ ክንዱ የተሰበረ ሠራተኛ ከሁለት ወር በኋላ ሥራ ይጀምራል።» ጸሐፊው ሳይናገር የገመተው ምንድን ነው? አጥንቱ ከመሰበሩ በፊት ጤነኛ እንደነበር። መልሱን ከበበችና ምንባቡን እንደገና አነበበችው። ጤነኛ አጥንት ማንቆርቆሪያ ሲያነሱበት ይሰበራል?

ከፈተናው እንደወጣች አድራሻውን ከአዲሱ አስተማሪ ጠይቃ ቤቱ ሄደች። በሩን የከፈቱላት እናቱ ናቸው። «ችኩሊት አንቺ ነሽ ልጄ?» አሏትና እጇን ይዘው አስገቧት። አስተማሪው አልጋ ላይ ነበር፤ ከስቶ፣ ዓይኑ ብቻ ቀርቶ።

«ፈተናውን ጥለሽ መጣሽ?»

«ጨርሼ ነው። ወረቀቱን በእንባ አበስብሼ ጨረስኩት... ለምን አልነገርከኝም?»

«የአጥንት ካንሰር ነው ብልሽ ታስታምሚኛለሽ እንጂ መቼ ታጠኛለሽ? ሦስተኛ ጊዜ እንድትወድቂ አልፈለግኩም።»

«እኔ ደግሞ ስንት ቀን ረገምኩህ!» አለችና አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። «ስድን እነግርሻለሁ ያልከኝስ?»

«አልድንም እኮ።»

«ሳትድን ንገረኛ!»

«እወድሻለሁ» አላት።

በዚያው ሳምንት በእናቱ ሳሎን፣ እናቱና ሁለት ጎረቤቶች ባሉበት ተጋቡ። አርባ ሦስት ቀን አብረው ኖሩ። እያነበበችለት፣ እያጎረሰችው፣ አንዳንዴም እየተጣሉ። በአርባ አራተኛው ቀን ጠዋት እጇን እንደያዘ አረፈ። ፈተናውን የማለፏ ወሬ የደረሳት ከቀብሩ በኋላ ነው።

ለምዝገባ ስትሄድ ጸሐፊዋ ቀና ሳትል ጠየቀቻት።

«ያገባሽ ነሽ ያላገባሽ?»

«ያገባሁ» አለች።

ወጥታ ደረጃው ላይ ቁጭ አለችና እስኪወጣላት አለቀሰች። ከዚያ ፊቷን ጠርጋ ወደ ክፍል ገባች።