ለ1.25 ያልነው አሜን

ጎረቤቴ መዲና ዱዓ አድርጋ የማይሰምርላት ነገር ያለ አይመስለኝም። ደሴ ላይ ግድግዳ ተጋርተን ስንኖር፣ እሷ ስትለምን እኔ ክርስቲያኗ አሜን ሳልል ቀርቼ አላውቅም።

አንድ ሐሙስ ልጇ ሙንዚር፣ ኮምቦልቻ ፋብሪካ የሚሠራው፣ «እማዬ፣ ቅዳሜ ጉዳይ አለኝ፤ ዱዓ አድርጊልኝ» አላት። እሷም የሰፈሩን ሴት ሰበሰበች። ምን ጉዳይ እንደሆነ ማንም አልጠየቀም። ሙንዚር እንደሆነ ጨዋ ልጅ ነው፤ የእናቱን የዓይን ሞራ ለማስገፈፍ ገንዘብ ሲያጠራቅም መክረሙን ሁላችንም እናውቃለን። ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል የሚወስዳት ከዚያ ቅዳሜ ቀጥሎ ባለው ሰኞ ነበር።

ጉዳዩ ለካ የኳስ ውርርድ ኖሯል! ያጠራቀመውን ሁሉ ይዞ ውርርድ ቤት ሲገባ የእኔው ልጅ ወንድምአገኘሁ አብሮት ነበር።

«ኦዱ 1.25 ነው» አለው ሙንዚር፣ ውርርድ ቤቱ ላሸነፈ ሰው የሚከፍለውን እጥፍ እያሳየው። «ቁጥሩ ትንሽ ከሆነ ቡድኑ ያሸንፋል ማለት ነው። ያለቀለት ነገር እኮ ነው!»

«ያሸንፋል ብለው ገምተዋል ማለት እንጂ ያሸንፋል ማለት አይደለም» አለው ልጄ። «በመቶ ብርህ የምታተርፈው ሃያ አምስት ብር ነው። አንዴ ከተበላህ የሄደውን ለመመለስ ብቻ አራት ጊዜ ማሸነፍ አለብህ። ደግሞ ‹ያሸንፋል› ብለህ ትኬት ቆርጠህ አቻ ቢወጡም ተበላህ።»

«አብሽር! እማዬ ዱዓ አድርጋልኛለች።»

ጨዋታው አቻ ወጣ።

እሑድ ጠዋት ሙንዚር ሲገባ እኔ እናቱ ዘንድ ነበርኩ። መዲና ፊቱን ለይታ ባታይም ከአረማመዱ ነገሩን አወቀች።

«አልሆነልህም አይደል? አብሽር ልጄ፣ ዱዓችን አንሶ ነው። ዛሬውኑ ሴቶቹን መልሼ እጠራለሁ» ብላ ተነሳች።

ይሄን ጊዜ ሙንዚር እግሯ ላይ ወደቀ። «አውፍ በይኝ እማዬ! የዓይንሽን ገንዘብ ኳስ ላይ አስይዤ ተበላሁ።»

ልጮህበት አፌን ስከፍት እሷ ቀደመችኝ። ድምጿ ላይ ቁጣ አልነበረም።

«ሀራምነቱን ራስህ ታውቀዋለህ። ግን ብታሸንፍ ኖሮ ገንዘቡ ከማን ይመጣ ነበር?»

«ከተበሉት ልጆች።»

«እነሱስ እናት የላቸውም? ያን ሁሉ ሴት ሰብስቤ የሌላ እናት ልጅ እንዲከስር ኖሯል ያስለመንከኝ?»

ሙንዚር ተንሰቅስቆ አለቀሰ። እሷም ራሱን እየዳበሰች አለቀሰች፤ እኔስ ምን ቀረኝ።

ሕክምናው ለወራት ተራዘመ። ሙንዚር የውርርድ መተግበሪያውን ከስልኩ ላይ አጥፍቶ ትርፍ ሰዓት እየሠራ ደመወዙን እናቱ እጅ ላይ ያስቀምጣል። እስከዚያው ጠዋት ጠዋት እጇን ይዞ ደጅ የሚያወጣት እሱ ነው።

ወገኖቼ፣ ያ ቁጥር የሚነግረን ብናሸንፍ የምናገኘውን ብቻ ነው። ብንበላ ከእኛ ጋር ማን እንደሚበላ ግን የትም አይጻፍም፤ እሱን ቤታችን ገብተን፣ እናቶቻችንን አይተን እንወቀው።