ሁለተኛዋ የጌጤ ልጅ

በዚያ ምሽት ሳሎኔ ውስጥ ማን ማን እንደነበረና የት የት እንደቆመ አስቀድሜ ልንገራችሁ። እኔ ከቡፌው አጠገብ ቆሜያለሁ። ወንድሜ ተፈራ መስኮቱን ተደግፏል። ከሕፃንነቷ ጀምሮ ያሳደግኳት የእህቴ የልጅ ልጅ ምህረት በጓዳው በር ላይ ሆና የመጋረጃውን ጫፍ በጣቷ ትጠቀልላለች። ከዓለም ጤና ከተማ የመጡት ኦቦ ገመቹ ትልቁ ሶፋ ላይ ናቸው፣ ምህረትን ሊያገባ የጠየቀው የወንድማቸው ልጅ ቶለሳ ደግሞ ለአክብሮት ብሎ ሳይቀመጥ ከኋላቸው ቆሟል። ከውጭው በር አጠገብ፣ ዱካዬ ላይ፣ አንዲት አሮጊት ተቀምጠው ነበር።

አሮጊቷን ኦቦ ገመቹ የእኛ ዘመድ ናቸው ብለው አሰቡ፣ ተፈራ ደግሞ የእነሱ ወገን መሰሉት፣ ይህንን የተነጋገርነው ግን ሁሉ ካለፈ በኋላ ነው። ሰው ለጋብቻ ጉዳይ በተሰበሰበበት ቤት አንዲት ትልቅ ሴት ገብተው ሲቀመጡ "ማን ነዎት?" ተብሎ አይጠየቅም፣ እመኑኝ፣ እናንተም አትጠይቁም ነበር።

እኔ በእንዲህ ዓይነት ነገር አምኜ አላውቅም። ጎረቤት ስለ መንፈስ ማውራት ሲጀምር ተነስቼ ልብስ የማጥፍ ሰው ነኝ። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን እንደጨረስኩ ለሕዝብ ቆጠራ ተቀጥሬ በመቂና በዝዋይ ገጠሮች ቤት ለቤት ዞሬያለሁ፣ የሰማሁትን ሳይሆን ያየሁትን መጻፍ የለመድኩትም ያኔ ነው፣ አሁንም ያየሁትን ብቻ ነው የምነግራችሁ።

ነገሩ የተጀመረው በጨዋታ ነው። ቶለሳ አንድ እሑድ ምሳ እየበላ፣ የአያቱን እናት አገሩ ሁሉ "የባቡሩ ልጅ" ይላት እንደነበር አወራን። ምህረት ሳቀች፣ እኔ ግን ጉርሻው ከእጄ ሊወድቅ ነበር። የእኛ ዘር ናዝሬት ላይ የሚጀምረው ከጌጤ ነው፣ ከአያቴ እናት። ጌጤ ሀዲዱ ሲነጠፍ፣ እዚህ ከግራርና ከጅብ በቀር ምንም ባልነበረበት ጊዜ፣ ለባቡር ሠራተኞች ምግብ እየሸጠች የተቀመጠች ሴት ናት። የባቡሩ ልጅ የጌጤ ልጅ ከሆነች ምህረትና ቶለሳ ሰባት ቤት አይሞላቸውም፣ ሰባት ቤት ካልሞላ ደግሞ እህትና ወንድም ናቸው፣ ጋብቻ የሚባል ነገር የለም።

ስለዚህ ክረምቱን በሙሉ መዝገብ ሳገላብጥ ከረምኩ። የባቡር ኩባንያው ባደረገው በመጀመሪያው የቤት ቆጠራ ላይ ጌጤ ሁለት ሴት ልጆችና አንድ ወንድ ልጅ አሏት ተብሎ ተጽፏል። በተከታዩ ላይ ያለችው አንዲት ሴት ልጅ ብቻ ናት፣ እሷም አያቴ ናት። የወንዱን ልጅ መቀበር ከቤተ ክርስቲያኑ መዝገብ አገኘሁት። የሁለተኛዋ ሴት ልጅ ግን የለም፣ ሞተች የሚልም ተዳረች የሚልም የለም። ያንን የወንድ ልጅ ነገር ለማንም አልተናገርኩም፣ ይህንን ልብ በሉልኝ።

በዚያ ምሽት ኦቦ ገመቹ አባቶቻቸውን ሳይደናቀፉ አንድ በአንድ ቆጠሩ፣ ሲጨርሱም "እኛ የምንቆጥረው በአባት ነው" አሉ።

"እሰይ፣ ኦቦ! እናቶቹስ ከሰማይ ነው የወረዱት?" አላቸው ተፈራ።

ኦቦ ገመቹ ሳቁ። "የባቡሩን ልጅ እኛ ሃዳ ሮባ ነው የምንላት፣ የሮባ እናት። ሴት ከወለደች በልጇ ስም ትጠራለች። የራሷን ስም ማን ይጠይቃል?"

"በቃ ስም ከሌላት ዘመድም የላትም፣ የጌጤ ልጅ በወባ ሞታለች፣ እንመራረቅ!" አለ ተፈራ።

"ሞታለች የሚል አላየሁም" አልኩ።

"እትዬ" አለ ቶለሳ፣ የሚሠራው ሞጆ ደረቅ ወደብ ነው፣ "እኔ እንኳ እንደርስዎ ኮንቴይነር አልፈትሽም።"

ሁሉም ሲስቅ ምህረት አልሳቀችም። "እማዬ" አለችኝ ቀስ ብላ፣ "ዝም ብትዪ ማን ያውቅብሻል?"

መብራት የጠፋው ያኔ ነው። ሻማ ስፈልግ ከወደ ድሮው ጣቢያ የባቡር ጡሩምባ ሰማሁ፣ በዚያ ሀዲድ ላይ ባቡር ካለፈ ስንት ዘመኑ ነው፣ አዲሱም የሚያልፈው ከከተማው ውጭ ነው፣ የከባድ መኪና ይሆናል ብዬ ሻማውን ለኮስኩ። ለመጣ ሁሉ የሚጮኸው ውሻችን አልጮኸም፣ በሩ ስር ገብቶ ያለቅሳል። ከዚያ በረንዳው ላይ የዱላ ድምፅ መጣ፣ "ቤቶች" የሚል ድምፅም ተከተለው፣ ይግቡ አልን። አሮጊቷ የገቡት እንዲህ ነው። ሁላችንም ብድግ አልን፣ "በእግዜር" ብለው ዱካው ላይ ተቀመጡ። ያ ዱካ ድመት እንኳ ስትወጣበት ሲጥ ይላል፣ እሳቸው ሲቀመጡ ድምፅ አልሰጠም። ነጠላቸው የከሰል ጭስ ይሸታል። ከፔርሙስ የቀዳሁትን ሻይ ስሰጣቸው ብርጭቆውን በሙሉ መዳፋቸው ያዙት፣ እኔ በጨርቅ ነበር የያዝኩት።

ተፈራ ጨዋታውን ሊቀጥል አፉን ሲከፍት ወደ እኔ ዞሩና "ጻፊ፣ ልጄ" አሉኝ።

በዚያ ቤት በዕድሜ ትልቋ ሴት እኔ ነኝ ብዬ ነበር፣ እናቴ ከሞተች ወዲህ ደግሞ ልጄ ያለኝ ሰው የለም። ወረቀቴ ቡፌው ላይ ነበር፣ እርሳሴን አነሳሁ። ለምን እንደታዘዝኩ አላውቅም።

"ሦስቱንም ቆጠሩብኝ" አሉ። "ወንዱ ዓመት ሳይሞላው ሞተብኝ። ቆጣሪዎቹ ዳግመኛ ሲመጡ አንዷን ከከሰሉ ክምር ኋላ ደበቅኳት። አንድ ናት አልኳቸው። ጻፉ፣ ሄዱ።"

ተፈራ ከእኛ ጋር የማይገናኝ የራሳቸውን ታሪክ የሚያወሩ መስሎት "ደግ አደረጉ!" አለ። እኔ ግን ሦስት ብዬ ጻፍኩ። እንዲህ የሚያደርጉ እናቶችን በቆጠራው ጊዜ አይቻለሁ፣ የተቆጠረ ልጅ አይበረክትም ይላሉ፣ እያነጋገሩኝ ከመጋረጃው ስር ትንንሽ እግሮች ይታዩኝ ነበር።

"የደበቋትስ?" አልኩ። "የት ደረሰች? ስሟ ማን ነበር?"

ኦቦ ገመቹ ከሶፋው ወደ ፊት ተሳቡ። ምህረት መጋረጃውን ለቀቀችው።

አሮጊቷ ተነሱ። ሲነሱ ዱካው ሲጥ አለ። መጀመሪያ ወደ ምህረት ሄዱ፣ ግንባሯን በመዳፋቸው ያዙና ሙሽራ እንደሚመረቅ እትፍ እትፍ አሉባት። ቀጥለው ወደ ቶለሳ ዞሩ፣ አገጩን ይዘው በሻማው ብርሃን ብዙ አዩት፣ ለእኔ ልጄ እንዳሉኝ ለእሱም በኦሮምኛ "ኢልማ ኮ" አሉት። ቶለሳ ሳያውቀው ጎንበስ አለ።

"እማማ፣ ስሟን ብቻ" አልኩ።

በአጠገቤ ሲያልፉ ቆም ብለው ወረቀቱን አዩ። ሦስት ብዬ ጽፌያለሁ፣ ከስሩ ስም የምጽፍበት ባዶ መስመር አለ። እርሳሱን ከጣቶቼ መሃል ቀስ አድርገው አወጡት፣ በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩት፣ ዱላቸውን አንስተውም ወጡ።